ሌቭ ሹብኒኮቭ፦ የማግኔትን ስውር መንገድ ያየው ሊቅ

ኦገስት 6 ቀን 1937። የሶቪየት ኅብረት የጸጥታ ሰዎች በዩክሬኗ ካርኪቭ ከተማ አንድ የፊዚክስ ሊቅ ይዘው ወሰዱ። ሰውየው 36 ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር እንኳ አልቀረውም ነበር። የታወቀ ቤተ ሙከራ መሪ፣ የብዙ ወጣቶች መምህር፣ በዚያው ዓመት የተወለደ ወንድ ልጅ አባት ነበር። ከዚያች ቀን በኋላ ወደ ቤቱም ወደ ቤተ ሙከራውም አልተመለሰም።

ስሙ ሌቭ ቫሲልየቪች ሹብኒኮቭ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የሚነሱት ዘመናት ሁሉ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው። ሹብኒኮቭ ከመያዙ ጥቂት ቀደም ብሎ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር አንድ ጥናት አሳትሞ ነበር። ጥናቱ እጅግ በቀዘቀዘ ቅይጥ ብረት ውስጥ የማግኔት ኃይል መቼ እንደማይገባ፣ መቼ መግባት እንደሚጀምርና መቼ ሙሉ በሙሉ እንደሚያሸንፍ በቁጥር ያሳየ ነው። በሆስፒታል የታማሚን የሰውነት ክፍል አንስተው የሚያሳዩት ብዙዎቹ የኤምአርአይ ማሽኖች ዛሬ በዚህ ባሕርይ ይሠራሉ። የኳንተም ኮምፒውተር የሚሠሩ መሐንዲሶች ደግሞ በዚሁ ባሕርይ ይቸገራሉ። ያገኘው ሰው ግን ሁለቱንም ሳያይ አለፈ።

ሹብኒኮቭ የተወለደው ሴፕቴምበር 29 ቀን 1901 በሴንት ፒተርስበርግ ነው። ልጅነቱ በዓለም ጦርነት፣ ወጣትነቱ በአብዮት መካከል አለፈ። በ1918 ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከተማዋ ስሟ ፔትሮግራድ ነበር፤ ረሃብና ብርድም ነግሠውባት ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዳቦ ፍለጋን ትቶ ስለ ብረት ባሕርይ መማር ለብዙዎች ቅንጦት ይመስላል። እርሱ ግን ከትምህርቱ ሌላ አንድ ፍቅር ብቻ ነበረው፤ በሸራ ጀልባ ባሕር ላይ መዋል።

ይህ ፍቅሩ ጣጣ አመጣበት። በ1921 በፊንላንድ ባሕረ ሰላጤ በጀልባ የወጣው ወጣት መድረሻው ሌላ ሀገር ሆነ። ፊንላንድ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ጀርመን አቀና። ወደ ሀገሩ የተመለሰው በ1922 ነው። ተመልሶ ከትምህርቱ ገበታ ተቀመጠ፤ ነገሩም የተረሳ መሰለ። ነገር ግን በዚያ ዘመን ለነበረው የሶቪየት መንግሥት አንድ ዜጋ ውጭ ሀገር መቆየቱ ብቻውን ለጥርጣሬ የሚበቃ ነበር፤ ጥርጣሬ ደግሞ በመዝገብ ይቀመጣል።

ከተመለሰ በኋላ ትምህርቱን በፖሊቴክኒክ ተቋም ቀጠለና በ1926 ተመረቀ። ገና ተማሪ ሳለ ኢቫን ኦብሬይሞቭ ከተባለ የፊዚክስ ሊቅ ጋር በመሆን ብረትን አንድ ወጥ ክሪስታል አድርጎ የማሳደግ ዘዴ አወጣ። ይህ ሥራ የሕይወቱ ሁሉ መሠረት ስለሆነ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል።

ተራ ብረት በዓይን ሲታይ አንድ ወጥ ይመስላል። ውስጡ ግን በብተና እንደተዘራ ማሳ ነው፤ ጥቃቅን ቅንጣቶቹ አንዱ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ዞረው የተጠጋጉ ናቸው። አንድ ወጥ ክሪስታል ግን በመስመር የተዘራ ማሳን ይመስላል። አተሞቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ አቅጣጫ ይዘው ተሰልፈዋል። እንዲህ ያለውን ብረት ለማግኘት የቀለጠውን ማዕድን በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ አድርጎ ከታች ጫፉ ጀምሮ ቀስ በቀስ ማቀዝቀዝ ያሻል። ከተቻኮሉ ማሳው እንደገና ብተና ይሆናል። የኦብሬይሞቭና የሹብኒኮቭ ዘዴ በመባል የሚታወቀው ይህ አሠራር በ1924 በሳይንስ መጽሔት ወጣ። ገበሬ ከሁሉ አስቀድሞ ዘሩን እንደሚያጠራ ሁሉ፣ ሹብኒኮቭም ከመለካቱ በፊት የሚለካውን ነገር ያጠራ ነበር። ኋላ ሌሎች ያላዩትን እንዲያይ ያስቻለውም ይኸው ልማዱ ነው።

በ1925 ኦልጋ ትራፔዝኒኮቫን አገባ። እርሷም የፊዚክስ ባለሙያ ነበረች፤ በቤትም በሥራም አብረው ኖሩ።

ክሪስታል የማሳደግ ችሎታው ሩቅ ሀገር አደረሰው። በ1926 መገባደጃ ወደ ኔዘርላንድስ ላይደን ከተማ ተላከ። ያኔ ላይደን የዓለም የቅዝቃዜ ምርምር መዲና ነበረች። ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ የተባለው ሊቅ በ1908 ሂሊየም የተባለውን ጋዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፈሳሽነት የቀየረው፣ በ1911 ደግሞ ሱፐርኮንዳክቲቪቲ የተባለውን አስገራሚ ክስተት ያገኘው እዚያ ነው። ሹብኒኮቭ በደረሰበት ዓመት ግን ኦነስ ከዚህ ዓለም ተለይቶ ነበር።

የመስኖ ቦይ ያለው ገበሬ ኦነስ ያገኘውን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። በአፈር ቦይ የሚሄድ ውኃ መንገድ ላይ ይሰርጋል፤ ማሳው ላይ የሚደርሰው ከምንጩ ከተለቀቀው ያነሰ ነው። በመዳብ ሽቦ የሚሄድ ኤሌክትሪክም እንደዚሁ መንገድ ላይ ወደ ሙቀት እየተለወጠ ይባክናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚግለውም በዚሁ ባሕርይ ነው። ኦነስ ባዜቃን ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲያቀዘቅዘው ግን ይህ ብክነት በድንገት ጠፋ። በእርሳስና በቆርቆሮ ማዕድንም ተመሳሳይ ነገር ታየ። ኤሌክትሪኩ አንዴ ከተለቀቀ ያለ ምንም ኪሳራ ይዞራል፤ ቦዩ ጠብታ እንኳ አያሰርግም።

ኦነስ ከዚህ በመነሣት ያለ ብክነት የሚሠራ ብርቱ ማግኔት ለመሥራት ተመኘ። ምኞቱ ብዙም አልቆየም። በሽቦው ላይ የሚጠመጠመው ኤሌክትሪክ ራሱ የሚፈጥረው መግነጢሳዊ መስክ ያንኑ ሽቦ ወደ ተራ ብረትነት ይመልሰው ነበር። ከጥቂት መቶኛ ቴስላ በላይ የሆነ መስክ እርሳስን ያሸንፈዋል። የማግኔትና የሱፐርኮንዳክተር ጠብ የተጀመረው ያኔ ነው፤ ሹብኒኮቭም ዕድሜውን የሰጠው ለዚህ ጠብ ነው።

በላይደን የጠበቀው ቫንደር ዮሐንስ ደ ሃስ ቢስሙት የተባለው ማዕድን ንጹሕ ክሪስታል ይፈልግ ነበር። ሹብኒኮቭ አሳደገለት። ሁለቱ በፈሳሽ ሃይድሮጅን ያቀዘቀዙትን ክሪስታል በማግኔት መካከል አድርገው ማግኔቱን ሲያበረቱት፣ የኤሌክትሪክ ፍሰቱን የሚገታው ኃይል በቀጥታ ከማደግ ይልቅ እንደ ማዕበል ከፍና ዝቅ እያለ ሄደ። በ1930 የታተመው ይህ ግኝት እስከ ዛሬ የሹብኒኮቭና የደ ሃስ ክስተት እየተባለ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። ክሪስታሉ ንጹሕ ባይሆን ኖሮ ማዕበሉ ባልታየ ነበር።

በ1930 ሹብኒኮቭና ባለቤቱ ላይደንን ለቀው ወደ ሶቪየት ኅብረት ተመለሱ። መድረሻቸው ካርኪቭ ሆነ። በከተማዋ በ1928 የዩክሬን የፊዚክስና ቴክኒክ ተቋም ተመሥርቶ ነበር፤ ዳይሬክተሩም የቀድሞ መምህሩ ኦብሬይሞቭ ነበር። ሹብኒኮቭ እዚያ የቅዝቃዜ ቤተ ሙከራ አቋቋመ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ካርኪቭ ፈሳሽ ሃይድሮጅንና ፈሳሽ ሂሊየም የሚገኝባት ከተማ ሆነች። በሶቪየት ኅብረት ከዚያ በፊት ፈሳሽ ሂሊየም አልነበረም።

በ1932 ወጣቱ የንድፈ ሐሳብ ሊቅ ሌቭ ላንዳው ተቋሙን ተቀላቀለ። ሁለቱ ሌቮች ወዳጆች ሆኑ። ላንዳው ቀጭን ነው፤ ሹብኒኮቭ ደንዳና። ባልደረቦቻቸው ታዲያ አንዱን ቀጭኑ ሌቭ፣ ሌላውን ወፍራሙ ሌቭ ይሏቸው ጀመር። ቀልዱ ውስጠ ወይራ ነው። ቶልስቶይ የሚለው የታላቁ ደራሲ ስም በሩሲያኛ ወፍራም ከሚለው ቃል ጋር አንድ ስለሆነ፣ ወፍራሙ ሌቭ ሲባል ሌቭ ቶልስቶይ እንደማለት ነበር። ላንዳው በወረቀትና በእርሳስ ያስባል፤ ሹብኒኮቭ በቀዝቃዛ ብረት ይፈትናል። ለአንድ ተቋም ከዚህ የተሻለ ጥንድ ማግኘት ከባድ ነው።

በ1933 በበርሊን ዋልተር ማይስነርና ሮበርት ኦክሰንፌልድ አንድ አዲስ ነገር አዩ። ሱፐርኮንዳክተር የሆነ ብረት የማግኔትን ኃይል ከውስጡ ያስወጣል። ቅዝቃዜው ሲደርስ ማግኔቱ እንደ ተባረረ እንግዳ ወደ ውጭ ይገፋል። ሹብኒኮቭና ረዳቱ ዩሪ ርያቢኒን በእርሳስ ላይ ባደረጉት ሙከራ ይህንኑ በ1934 አረጋገጡ። ለንጹሕ ብረት ነገሩ ግልጽ ሆነ፤ ማግኔቱ ከወሰን በታች ሲሆን ምንም አይገባም፤ ከወሰን ሲያልፍ ሁሉም ይገባል። መሐል ሰፋሪ የለም።

በቅይጥ ብረት ላይ ግን ውጤቱ እንዲህ አልነበረም። ማግኔቱ ቀስ እያለ ይገባል፤ ብረቱም ማግኔት ገብቶበት እያለ ኤሌክትሪክን ያለ ብክነት ማሳለፉን አይተውም። በምዕራብ አውሮፓ የነበሩ ብዙ ተመራማሪዎች ይህን የቅይጡ ጉድለት አድርገው ቆጠሩት። ቅይጡ ውስጡ ያልተስተካከለ፣ እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ ስለሆነ ማግኔት በየቀዳዳው ይሾልካል የሚል ነበር አስተያየታቸው። ለማመን የማይከብድ አስተያየት ነው፤ ምክንያቱም የብዙዎቹ ናሙና በእርግጥም ያልተስተካከለ ነበር።

ሹብኒኮቭ ወደ ቀድሞ ልማዱ ተመለሰ። መጀመሪያ ዘሩን አጠራ። እርሳስን ከታሊየምና ከኢንዲየም ጋር በልዩ ልዩ መጠን ቀየጠ። ቅይጡን አንድ ወጥ ክሪስታል አድርጎ አሳደገው፤ ከመቅለጫው ጥቂት ዝቅ ባለ ሙቀት ለረጅም ጊዜ አቆይቶም ውስጡን አስተካከለ። ከዚህ በኋላ ብቻ ነው መለካት የጀመረው። ከርሱ ጋር ቭላዲሚር ኾትኬቪች፣ ጆርጂ ሼፔሌቭና ርያቢኒን ነበሩ። ውጤቱ በ1936 እና በ1937 ታተመ።

የተቀየጠው ማዕድን እጅግ ጥቂት ሲሆን እርሳሱ እንደ ንጹሕ እርሳስ ይሆናል፤ አንድ ወሰን ብቻ አለው። የቅይጡ መጠን ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ግን ሁለት ወሰኖች ይወጣሉ። ከመጀመሪያው በታች ማግኔት ጨርሶ አይገባም። በሁለቱ መካከል ማግኔትና ሱፐርኮንዳክተር አብረው ይኖራሉ። ከሁለተኛው በላይ ብረቱ ተራ ብረት ይሆናል። ቅይጡ በበዛ ቁጥር የመጀመሪያው ወሰን ዝቅ፣ ሁለተኛው ከፍ እያለ ይሄዳል። ናሙናው የጠራ ስለሆነ ይህን የብረቱ መበሳሳት ያመጣው ነው ማለት አይቻልም። ባሕርዩ የቅይጡ የራሱ ነው። ዛሬ ዓለም ሁለተኛው ዓይነት ሱፐርኮንዳክተር የሚለውን ነገር ሹብኒኮቭ በግልጽ ሥሎ አስቀመጠው። ጥናቱን ያኔ ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር።

በተቋሙ ውስጥ ሌላ ነፋስ ይነፍስ ጀምሮ ነበር። ከ1935 ጀምሮ ተቋሙ ወደ ወታደራዊ ሥራ ያዘንብል የሚሉ አለቆችና መሠረታዊ ምርምር ይቀጥል የሚሉ ሊቃውንት ተከፋፈሉ። ላንዳውና ሹብኒኮቭ ከሁለተኛው ወገን ነበሩ። በስታሊን ዘመን እንዲህ ያለው የሥራ ክርክር በክርክርነቱ አይቀርም፤ ሻጥር፣ አድማ፣ ስለላ የሚሉ ስሞች ይወጡለታል። ላንዳው በ1937 መጀመሪያ ወደ ሞስኮ ሄደ። ሹብኒኮቭ ካርኪቭ ቀረ።

በኦገስት ተያዘ። ባልደረቦቹ ሌቭ ሮዘንኬቪችና ቫዲም ጎርስኪም ታሰሩ። የቀረበባቸው ክስ ፀረ አብዮት ቡድን አቋቁማችሁ ሻጥር ሠርታችኋል የሚል ነበር። ግልጽ ችሎት አልቆመም፤ ጠበቃም አልተሰማም። ኖቬምበር 10 ቀን 1937 ሌቭ ሹብኒኮቭ በጥይት ተገደለ። ከተያዘ ሦስት ወር ከአራት ቀን ብቻ ሆኖት ነበር። ሮዘንኬቪችና ጎርስኪም የተገደሉት በዚያው ወር ነው። ላንዳው በበኩሉ በ1938 በሞስኮ ታስሮ አንድ ዓመት ቆየና ተፈታ። ቀጭኑ ሌቭ ተረፈ፤ ወፍራሙ ሌቭ አልተረፈም። በተቋሙ የቀሩትም የሙታኑን ስም በአደባባይ ማንሣት የማይቻልባቸው ዓመታት መጡ። የአንድ ሰው ስም ሲታፈን ሥራውም አብሮ ይደበዝዛል። የሁለቱ ወሰኖች ነገር ለ20 ዓመታት ያህል በመጽሔት ገጽ ላይ ተኝቶ ቀረ።

ነገሩን ያነሣው አሌክሲ አብሪኮሶቭ ነው። ቪታሊ ጊንዝበርግና ላንዳው በ1950 ስለ ሱፐርኮንዳክተር አንድ ንድፈ ሐሳብ አውጥተው ነበር። ወጣቱ አብሪኮሶቭ ከዚያ ተነሥቶ፣ በሁለቱ ወሰኖች መካከል ማግኔቱ እንዴት እንደሚገባ በስሌት አገኘ። ማግኔቱ እንደ ጎርፍ በአንድነት አይገባም። በቀጫጭን ክሮች ተከፋፍሎ ይገባል፤ በእያንዳንዱ ክር ዙሪያም ኤሌክትሪኩ እንደ ወንዝ አዙሪት ይሽከረከራል። እያንዳንዱ አዙሪት የሚሸከመው የማግኔት መጠን እኩል ነው፤ ከዚያ ያነሰ ድርሻ የለም። ላንዳው ሐሳቡን መጀመሪያ ስላልተቀበለው ጥናቱ ዓመታት ቆየና በ1957 ታተመ። አብሪኮሶቭ ስሌቱን ለማመሳከር የወሰደው የካርኪቩን የሹብኒኮቭን ልኬት ነው። ስሌቱና ልኬቱ ተስማሙ። አብሪኮሶቭና ጊንዝበርግ ከአንቶኒ ሌጌት ጋር በ2003 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ለሙታን ኖቤል አይሰጥም።

ኦነስ ያልተሳካለትን ማግኔት ያሳካው ይህ እውቀት ነው። የኒዮቢየምና የቲታኒየም ቅይጥ ሁለተኛ ወሰኑ ከፍ ያለ በመሆኑ ብርቱ መስክን ችሎ ኤሌክትሪክን ያለ ብክነት ያሳልፋል። የኤምአርአይ ማሽን ትልቁ ቀለበት ውስጥ ተጠምጥሞ በፈሳሽ ሂሊየም የሚቀዘቅዘው ሽቦ ከዚህ ቅይጥ የተሠራ ነው። በዚያ አዙሪቶቹ ወዳጅ ናቸው፤ በሽቦው ውስጥ ባሉ ጉድለቶች ተይዘው እስካልተንቀሳቀሱ ድረስ።

ጠላት የሚሆኑበት ቦታ ደግሞ አለ። በኳንተም ኮምፒውተርና በከዋክብት ምርምር ውስጥ ሬዞኔተር የሚባል ትንሽ ነገር ይሠራል። በሲልከን ወይም በሰንፔር ገበታ ላይ ኒዮቢየም ወይም አልሙኒየም እጅግ ስስ ሆኖ ይነጠፋል። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ የሰው ፀጉርን አንድ ሺህኛ ያህል ነው። ስሱ ንጣፍ በቀጭን መስመር ተቆርጦ ይቀርና ማይክሮዌቭ የተባለው ሞገድ ይለቀቅበታል። መስመሩ እንደ በገና አውታር በራሱ ድምፅ ይርገበገባል። አውታሩ አንዴ ተመትቶ ረጅም ጊዜ ካስተጋባ ጥሩ ነው ይባላል። ጥሩ ሬዞኔተር ጉልበቱ ከመድከሙ በፊት ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ይርገበገባል።

ማግኔት ሲመጣ ሁለት ነገር ይሆናል። አውታሩ የላላ ያህል ድምፁ ይወርዳል፤ ማስተጋባቱም ያጥራል። የመጀመሪያው የሚሆነው ማግኔቱ የሱፐርኮንዳክተሩን ኃይል ስለሚያዳክመው ነው። ሁለተኛውን የሚያመጡት አዙሪቶቹ ናቸው። የእያንዳንዱ አዙሪት እምብርት ተራ ብረት ነው። ማይክሮዌቩ በመጣ በሄደ ቁጥር አዙሪቱን ወዲህና ወዲያ ይነቀንቀዋል፤ በነቀነቀው ቁጥርም ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ቦዩ መስረግ ጀመረ ማለት ነው።

ለዚህ ብርቱ ማግኔት አያስፈልግም። ኮምፓስን የሚያዞረው የመሬት የራሷ ማግኔት እንኳ ይበቃል። መስኩ 50 ማይክሮቴስላ ቢሆንና ንጣፉ በዚያ ውስጥ ቢቀዘቅዝ፣ በአንድ ስኩዌር ሚሊ ሜትር ላይ እስከ 24 ሺህ የሚደርሱ አዙሪቶች ሊታሰሩ ይችላሉ። አልሙኒየም በወፍራሙ ሲሆን እንደ ንጹሕ እርሳስ አንድ ወሰን ብቻ ያለው ብረት ነው። ስስ ንጣፍ ሲሆን ግን ሹብኒኮቭ በቅይጡ ላይ እንዳየው አዙሪት ይቀበላል። ውፍረቱ መቀነሱ ብቻ ባሕርዩን ይለውጠዋል።

የማግኔቱ አቅጣጫም ለውጥ ያመጣል። ሰፌድን ፊቱን ለነፋስ ሰጥቶ የያዘ ሰው ሰፌዱ ከእጁ ሊነጠቅ ይደርሳል፤ ጠርዙን ወደ ነፋሱ ሲያዞረው ግን ነፋሱ በሁለቱ በኩል ያልፋል። ስሱ ንጣፍም እንደዚሁ ነው። ማግኔቱ በፊቱ በኩል ሲመጣበት ቶሎ ይሸነፋል፤ ከንጣፉ ጋር ትይዩ ሲሆን ግን እጅግ የበረታ መስክ ይችላል። በማግኔት ውስጥ መሥራት ግድ የሚሆንባቸው ተመራማሪዎች ንጣፉን በጥንቃቄ ከመስኩ ጋር ያስተካክላሉ፤ የኒዮቢየምና የቲታኒየም ናይትራይድ ዓይነት ብርቱ ቁሶችንም ይመርጣሉ።

ጎርፍ ካለፈ በኋላ ደለል እንደሚቀር፣ ማግኔቱ ከጠፋ በኋላም አዙሪቶች በንጣፉ ውስጥ ይቀራሉ። ማጥራት የሚፈልግ ሰው ንጣፉን አሙቆ ሱፐርኮንዳክተርነቱን ማስተው፣ ከዚያም ማግኔት በሌለበት እንደገና ማቀዝቀዝ አለበት። ለዚህም ነው ሬዞኔተሮች ማግኔትን በሚከልል ብረት ሣጥን ውስጥ የሚቀመጡት። መስመሩን ማጥበብም ይረዳል፤ በጠባብ መስመር ላይ አዙሪት ለመቀመጥ ይቸግረዋል። ሌላው ብልሃት ንጣፉን በጥቃቅን ቀዳዳዎች መብሳት ነው። አዙሪቱ ቀዳዳው ውስጥ ይገባና ይታሰራል፤ የማይንቀሳቀስ አዙሪት ደግሞ ብዙም አያባክንም። ይባስ ብሎ ጥቂት አዙሪቶች አንዳንዴ እንደሚጠቅሙም ታይቷል፤ ሬዞኔተሩን የሚያውኩ ባዝነው የሚዞሩ ቅንጣቶችን ይይዙለታል። በምዕራብ ያሉ ሊቃውንት በ1930ዎቹ የቅይጥ ጉድለት ብለው የናቁት ነገር፣ ዛሬ ሆን ተብሎ በመሣሪያ የሚቀረጽ ጉድለት ሆኗል።

የካርኪቩ ሊቅ ስም የተመለሰው ቀስ ብሎ ነው። ላንዳው በ1956 ስለ ወዳጁ ለወታደራዊው ዐቃቤ ሕግ መሰከረ። በ1957፣ የአብሪኮሶቭ ጥናት በወጣበት በዚያው ዓመት፣ የሶቪየት ፍርድ ቤት ሹብኒኮቭን ከክሱ ነጻ አወጣው። በሁለቱ ወሰኖች መካከል ያለው፣ ማግኔትና ሱፐርኮንዳክተር አብረው የሚኖሩበት ሁኔታ ኋላ የሹብኒኮቭ ምዕራፍ ተብሎ በስሙ ተጠራ።

ለቤተሰቡ የተሰጠው የሞት ወረቀት ግን ኖቬምበር 8 ቀን 1945 በልብ ሕመም ሞተ ይል ነበር። ኦልጋ ትራፔዝኒኮቫ ባሏ ከተገደለ በኋላ ለዓመታት በሕይወት አለ ብላ እንድታስብ የሚያደርግ ወረቀት ነው። እውነተኛው ቀን የታወቀው ከአሥርት ዓመታት በኋላ፣ የምሥጢር መዝገቦች ሲከፈቱ ነው። ከዚያ በፊት የታተሙ መጻሕፍት ዛሬም በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ሹብኒኮቭ በ1945 ሞተ እያሉ ተቀምጠዋል።